ወንድሜ 19 ዓመቱ ነው፤ የኪሞውን ወጪ እንዴት ቻላችሁት?

የደምቢያ ልጅ፣ ማክሰኞ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ። ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው፤ ታገሱኝ።

ጎንደር ከተማ ልብስ ሰፊ ነኝ። ወላጆቼ ደምቢያ ናቸው፣ ገበሬዎች። ታናሽ ወንድሜ አምና 12ኛ ክፍል እያለ አንገቱ ላይ እብጠት ወጣበት። አያመውም። ሌሊት ግን በላብ ይጠመቃል፣ አንሶላው ሲጨመቅ ውኃ ይወጣዋል። ሱሪው ከወገቡ መውረድ ጀመረ። አንድ ክሊኒክ «የእጢ ነቀርሳ ነው» ብሎ ወደ ጤና ጣቢያ ላከን። የቲቢ መድኃኒት በነጻ ስለሚሰጥ አንድ ብር አላወጣንም። ሦስት ወር ሙሉ ዋጠ። እብጠቱ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። በመጨረሻ ከአንገቱ ናሙና ተወስዶ ሲመረመር ሆጅኪን ሊምፎማ ተባለ። የእጢ ካንሰር ማለት ነው።

እናቴ ካንሰርንም ነቀርሳ ነው የምትለው። ሐኪሙ ሲነግራት «ታዲያ ያንኑ አይደል ሲታከም የከረመው?» አለችው። ስሙ ለእሷ አንድ ነው። ሂሳቡ ግን አንድ አይደለም። ለዚያኛው ከፍለን አናውቅም፤ ለዚህኛው ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ እየከፈልን ነው።

ህክምናው ኪሞ ነው፣ በመርፌ የሚሰጥ የካንሰር መድኃኒት፤ 6 ዙር ነው። አንዱ ዙር ሁለት መርፌ አለው፣ በየ15 ቀኑ። በጠቅላላው 12 ጊዜ፣ ስድስት ወር ገደማ። ከ12ቱ እስካሁን አምስቱን መርፌ ወስዷል። እብጠቱ ጠፍቷል ማለት ይቻላል፤ የሌሊት ላቡም ቆሟል። ሐኪሞቹ ይህ በሽታ በጊዜ ከተያዘና ህክምናው ካልተቋረጠ አብዛኛው ሰው የሚድንበት ነው ይሉናል። ስለዚህ የምጽፈው ተስፋ ቆርጬ አይደለም። ገንዘቡ ስላለቀ ነው።

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ደብተር ይዣለሁ። ትናንት ማታ ቁጭ ብዬ ደመርኩት። መድኃኒቱ ነው የበላን ብዬ ነበር። አይደለም! ከግማሽ በላይ የሄደው በሌላ ነው። ፓቶሎጂ፣ ማለትም የናሙናው ምርመራ። ሲቲ ስካን፤ ቀጠሮው ስለራቀብን ባሕር ዳር ድረስ ሄደን በግል አነሳነው። የልብ ምርመራ፣ ከኪሞው በፊት የግድ ነው ተባልን። ከእያንዳንዱ መርፌ በፊት የደም ምርመራ። ደሙ ዝቅ ካለ መርፌው ይተላለፋል፤ ከሳምንት በኋላ ምርመራው እንደገና፣ ባጃጁ እንደገና። የማቅለሽለሽ መድኃኒት። የወላጆቼ መመላለሻ። እንቁላልና ወተት። እኔ ደግሞ በኪሞ ቀንና በማግስቱ ስፌት መኪናዬ ላይ አልቀመጥም፤ ሁለት የቀሚስ ደንበኞቼ ሄደዋል።

አባቴ አንድ በሬ ሸጠ። ከከተማ ላላችሁ ልንገራችሁ፣ አንድ በሬ የሸጠ ገበሬ ሁለቱንም እንደሸጠ ነው። ብቻውን የቀረው አያርስም። ዘንድሮ ከጎረቤት ጋር መቀናጆ ገባ፤ ሰውዬው የራሱን ሲጨርስ የእኛ መሬት ጊዜው አልፎበት ተዘራ። ይህን ደብተሬ ላይ በየትኛው ረድፍ ልጻፈው?

የጤና መድን አለን። አባቴ በየዓመቱ ያድሳል። ግን ወንድሜ 18 አልፎታል፤ «በዚህ መታወቂያ አይታከምም» ተባልን። ሁለተኛው በሬ እንዳይሸጥ እፈልጋለሁ። እናንተ ምን አደረጋችሁ?


የወገራው፣ ማክሰኞ ማታ

እህቴ፣ እግዜር ይማርልሽ። የምሠራው ወረዳ ላይ በማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው። የነገሩሽ እውነት ነው፤ ግን ግማሹን ብቻ ነው የነገሩሽ።

የአንድ ቤተሰብ ዋና አባላት የሚባሉት ባል፣ ሚስትና ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ከዚያ በላይ የሆነ፣ እዚያው ቤት የሚኖር ልጅ ግን በተጨማሪ መዋጮ መግባት ይችላል። ብዙ አባት ይህን አያውቅም። ልጁ ጤነኛ ነው፣ ጎረምሳ ነው፣ ምን ያመዋል ብሎ ይተወዋል። ሌላው ችግር ምዝገባው ነው። በዓመት አንዴ ነው፤ ብዙ ጊዜ እህል ከገባ በኋላ። አሁን ጊዜው እየደረሰ ነውና አባትሽ ነገ ዛሬ ሳይሉ ቀበሌ ሄደው የዘንድሮው መቼ እንደሚጀመር ይጠይቁ። ፎቶና የልጁን የልደት ወይም የቀበሌ ማስረጃ ይያዙ።

ሲመዘገብ ደግሞ ከጤና ጣቢያ ተነስታችሁ ሪፈር አጽፉ። በቀጥታ ሆስፒታል የሄደ ሰው ሽፋኑ ላይ ችግር ይገጥመዋል። መድኃኒቱ ሆስፒታሉ ውስጥ ከሌለ ማዘዣው ላይ «የለም» ተብሎ ማኅተም ይደረግበት። ከውጭ የገዛችሁበትን ደረሰኝ አትጣሉ። በእኛ ወረዳ ያለ እነዚህ ሁለት ወረቀቶች ገንዘብ ተመላሽ መጠየቅ አይቻልም። ትራንስፖርትና ማደሪያ ግን መድኑ አይሸፍንም፤ ይህን አስቀድመሽ እወቂው።

መድኑ በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር ፎገራ አንዷ ነበረች። ያኔ ሰው የሚያስበው ወባን፣ ወሊድን፣ የሕፃናት ተቅማጥን ነበር። የ19 ዓመት ልጅ ስድስት ወር ኪሞ ይወስዳል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ስብሰባ ባለ ቁጥር ይህን አነሳለሁ፤ እስኪሰለቹኝ አነሳዋለሁ።


አዘዞ፣ ረቡዕ ጠዋት

እኔ የምመክርሽ ሌላ ነው። ያለሽን ሰብስበሽ አዲስ አበባ በግል አሳክሚው፤ ከተቻለም ህንድ። የአጎቴን ልጅ እዚህ እንመላለስ እያልን ጊዜ አጠፋን። ለነፍስ ገንዘብ አይቆጠርም።


ነጭ ጋውን፣ ረቡዕ ከሰዓት

አዘዞ፣ ሐዘንህ ይገባኛል፤ ግን እዚህ ላይ አልስማማም። ነርስ ነኝ፣ ካንሰር ክፍል ሠርቻለሁ። ለሆጅኪን የሚሰጡት አራቱ መድኃኒቶች በብዙ አገር ያው ናቸው። ቀይዋ ዶክሶሩቢሲን፣ ብሊዮማይሲን፣ ቪንብላስቲን፣ ዳካርባዚን። ህንድ ቢሄድም ብዙ ጊዜ የሚሰጡት እነዚህኑ ነው። ልዩነቱ መድኃኒቱ በሰዓቱ መገኘቱና 12ቱም ሳይቋረጡ መሰጠታቸው ነው። ጥሪቱን ሁሉ ለአውሮፕላን አውጥቶ በሦስተኛው ዙር የተመለሰ ቤተሰብ አይቻለሁ። የህንዱም ቀረ፤ የእኛም ተቋረጠ። ሁለተኛ አስተያየት ማግኘት ጥሩ ነው፤ ለዚህ ግን ሰውየው ሳይሆን ናሙናውና ወረቀቱ ቢሄድ ይበቃል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የጀመረው የሕፃናትና የታዳጊዎች ካንሰር ዘመቻ አለ። በዓመት 400,000 ገደማ እስከ 19 ዓመት ያሉ ልጆች በዓለም ላይ ካንሰር ይይዛቸዋል። ሀብታም አገር ከ100 ከ80 በላይ ይድናሉ። እንደኛ ባሉ አገሮች 30 አይሞሉም። ይህን ቁጥር ያየሁ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ምክንያቱም መካከል ላይ ያለው ልዩነት ለእኛ ያልተገለጠ መድኃኒት አይደለም። ዘግይቶ መምጣት ነው፣ መድኃኒት መጥፋት ነው፣ ከሁሉም በላይ ጀምሮ መተው ነው። የሚተወው ደግሞ ሰነፍ ቤተሰብ አይደለም። ብዙ ጊዜ ሲሻለው ነው የሚተወው። እብጠቱ ጠፋ፣ ልጁ በላ፣ ጠጣ፤ ገንዘቡም አለቀ። «ድኗል» ይላሉና እርሻቸው ላይ ይመለሳሉ። በዓመቱ ተመልሰው ሲመጡ ያው መድኃኒት ብዙ ጊዜ አይሠራም፤ የሚሠራው ደግሞ ዋጋው አይቀመስም።

የደምቢያዋ፣ አሁን ያላችሁት ልክ እዚያ ቦታ ላይ ነው። እብጠቱ ጠፍቷል ብለሻል። አደራ።


ሰሜን፣ ረቡዕ ማታ

ልጄ፣ አባት ነኝ። ደብተርሽን ሳነብ የራሴን ያነበብኩ መሰለኝ።

የእኔ ልጅ 16 ዓመቱ ነበር። ከጉልበቱ በላይ አበጠበት። ኳስ ይጫወት ስለነበር ተመትቶ ነው አልን። ወጌሻ ጋ ወሰድኩት፤ እኔው ነኝ የወሰድኩት። አሸው፣ አሰረው። ሁለት ወር። ከዚያ ጠበል ገባን። ጠበሉን አላማም፤ አሁንም እጠመቃለሁ። አባ ራሳቸው ናቸው «ልጄ፣ ሐኪምም የእግዜር ነው፤ እግሩን ይዩለት» ብለው የላኩን። ራጅ ሲነሳ የአጥንት ካንሰር ሆነ። ሐኪሙ ይህ በሽታ በዚህ ዕድሜ፣ አጥንት በሚረዝምበት ጊዜ፣ ጉልበት አካባቢ እንደሚበዛ ነገረኝ። እባካችሁ፣ ያበጠ ጉልበት በሁለት ሦስት ሳምንት ካልሻረ፣ ሌሊት ደግሞ ካመመ፣ ከወጌሻው በፊት ራጅ አንሱት። ራጁ ከወጌሻው እጅ መንሻ ብዙም አይበልጥም ነበር።

እግሩ ተቆረጠ። ኪሞ ከመቆረጡ በፊትም በኋላም ወሰደ። ዛሬ ሰው ሠራሽ እግር ባሕር ዳር አሠርተንለት ቆሞ ይሄዳል፤ ሞባይል ጥገና ይሠራል። ተመስገን።

ወጪውን በተመለከተ የጎዳን አራጣ ነው። ለመጀመሪያው ምርመራ ቸኩዬ ተበደርኩ። ወለዱ ከመድኃኒቱ በለጠ። እድራችን ለሞት እንጂ ለህመም አያወጣም ነበር። አንድ ሽማግሌ ተነስተው «ሲሞት ድንኳን ከምንተክልለት አሁን ብናሳክመው ምን አለበት?» አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ እድራችን ለከባድ ህመም ያበድራል፣ ያለ ወለድ። እናንተም ሰፈር ጠይቂ። እቁብ ካለሽም ዳኛውን ለምኚና ዕጣሽን አስቀድሚ።


ደባርቅ፣ ሐሙስ ጠዋት

እኔ ራሴ ታምሜ የዳንኩ ነኝ። በ2011 ዓ.ም.፣ በ22 ዓመቴ፣ ከአፍንጫዬ ጀርባ ካንሰር ተገኘብኝ። ዋናው ህክምና ጨረር ነው። በዚያ ጊዜ በአገሪቱ ጨረር የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። ከደባርቅ አዲስ አበባ! አገር ሁሉ ወደ አንድ ደጅ ስለሚመጣ ተራ እስኪደርሰኝ ወራት አለፉ። የሠራተኞቹ ጥፋት አልነበረም።

ጨረሩ ሰባት ሳምንት ነው፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን ጥቂት ደቂቃ። ለጥቂት ደቂቃ ሰባት ሳምንት አዲስ አበባ ማደር! ለጨረሩ የከፈልኩት ለአልጋ ከከፈልኩት ጋር አይወዳደርም። አልጋው ነው የሰበረን። ምግብ መዋጥ ስለማልችል ደግሞ ሾርባና አጥሚት የሚሠራልኝ ሰው ያስፈልግ ነበር። እህቴ ሥራዋን ለቃ አብራኝ ሆነች። እስካሁን ወደዚያ ሥራ አልተመለሰችም።

ለልጆች ቤት የሚሰጡ አሉ። ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ አንዱ ነው፤ የአራት ዓመት ልጃቸውን በደም ካንሰር ያጡ ወላጆች በ1996 ዓ.ም. ያቋቋሙት ነው። ተስፋ አዲስም የወላጆች ድርጅት ነው፣ ለሕፃናት። እኔ ግን 22 ነበርኩ። ለሕፃን ትልቅ ነሽ። ለትልቅ ሰው ደግሞ ገቢ የለሽም፣ ቤት የለሽም፣ ባል የለሽም። የእኛ ዕድሜ መሐል ላይ ነው የሚወድቀው። የደምቢያዋ፣ የወንድምሽ የመድን ነገር ይህንኑ አስታወሰኝ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ወንድምሽ በሽታውን በስሙ ያውቀዋል?


የደምቢያ ልጅ፣ ሐሙስ ማታ

ሁላችሁንም አነበብኩ፤ አንዳንዱን ሁለቴ። ጋሼ ሰሜን፣ እግዜር ልጅዎን ይጠብቅልዎ። አራጣ እንዳልነካ ነው ያተረፉኝ፤ ለነገ ቀጥሬ ነበር። ቀረሁ።

የወገራው፣ አባቴን ደውዬለት ዛሬ ቀበሌ ሄዷል። ምዝገባው ከሁለት ሳምንት በኋላ ይጀመራል ብለውታል። ከነተጨማሪ መዋጮው ይገባል።

ደባርቅ፣ አያውቅም። «የእጢ በሽታ ነው፣ በመርፌ ይድናል» ነው ያልነው። አባቴ «ስሙን ከሰማ ይሞታል» ብሎ አስምሎናል። ደብተሩንም ከጨርቅ ስር ነው የምደብቀው።

አሁን የጨነቀኝ ስድስተኛው መርፌ ነው። አራተኛው መድኃኒት፣ ዳካርባዚኑ፣ ከፋርማሲዎች ጠፍቷል። አንድ ሰው «ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ላስልክልሽ» ብሎኛል፤ ዋጋውም ቀንሷል።


ማራኪ ፋርማሲስት፣ ሐሙስ ማታ

እባክሽ አትግዢው። ከእነዚህ መድኃኒቶች አብዛኛዎቹ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ መቀመጥ አለባቸው። ዳካርባዚን ደግሞ ብርሃንም አይወድም፤ ለዚህ ነው ነርሶቹ ሲሰጡት ከረጢቱን የሚሸፍኑት። ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ በአውቶቡስ፣ በፌስታል፣ ቆላ አቋርጦ የመጣ መድኃኒት ጠርሙሱ ያው ነው። ውስጡ ግን ምን እንደሆነ ማንም አያውቅም። መንገድ ከተዘጋ ደግሞ ሦስት ቀን ሊውል ይችላል። ርካሽ መስሎሽ አንድ መርፌ ሙሉ ታጠፊያለሽ።

ፈቃድ ካለው ፋርማሲ፣ በደረሰኝ፣ በበረዶ ሳጥን፣ በአውሮፕላን ይምጣ። ማለዳ አዲስ አበባ የተጫነ ሳጥን እኩለ ቀን ሳይሆን አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ይደርሳል። የሦስት አራት ታካሚ ማዘዣ አንድ ላይ ቢላክ የጭነቱ ዋጋ ይካፈላል፤ እኛ እንደዚያ አድርገን እናውቃለን። ግን የሁሉንም ዙር አንዴ አትግዢ። መጠኑ በቁመትና በክብደት ነው የሚሰላው፤ ልጁ ሲወፍር ይቀየራል። እንዲወፍር ነው የምንፈልገው።


ሪያድ ያለሁ፣ አርብ ሌሊት

እህቴ፣ የሰው ቤት ሠራተኛ ነኝ፣ የጭልጋ ልጅ። የዚህን ወር የዳካርባዚኑን እኔ እልካለሁ። ብዙ አይደለም፤ ለአንዱ መርፌ ግን ይሆናል። ለአንቺ ሳይሆን በቀጥታ ለፋርማሲው ቢገባ ደስ ይለኛል። ስላላመንኩሽ አይደለም። እኔም ገንዘብ ስልክ ለቤት ብዬ እልካለሁ፣ ለሰርግ ይሆናል። ደረሰኙን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ እናቴን አሳያታለሁ። የእኔ ታናሽ በዚሁ በሽታ ሳይሆን በሌላ ነው ያረፈው፤ ካርድ ሳናወጣለት።


የደምቢያ ልጅ፣ አርብ ጠዋት

ምን እላለሁ። ስፌት መኪናው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። እግዜር ያገናኘን።

ጋሼ ሰሜን፣ በጥምቀት ሰሞን ለክትትል እንደምትመጡ በሌላ ውይይት ላይ ጽፈው አይቻለሁ። ያን ሳምንት ጎንደር አልጋ እንደማይገኝ፣ ቢገኝም ዋጋው እንደማይነካ ያውቃሉ። ቤቴ አንድ ክፍል ነው፣ ግን ፍራሽ አለኝ። ልጅዎን ይዘው ወደ እኔ ይምጡ። ሰው ቤት ብለው አይፈሩ።


ሰሜን፣ አርብ ማታ

እመጣለሁ ልጄ። ማርም ይዤ እመጣለሁ።


ወንድሟ ነኝ፣ እሁድ ማታ

እህቴ ስልኳን ከፍታ ትታው ገበያ ወጥታ ነው ያነበብኩት። በኋላ ደብተሩንም ከጨርቁ ስር አወጣሁት።

አውቅ ነበር። የመጀመሪያው መርፌ ቀን ሽንቴ ቀይ ሲሆን ፈርቼ የአጠገቤን ታካሚ ጠየቅኩት። «ቀይዋ መርፌ ናት፣ አትፍራ፤ ሁላችንም ካንሰር ያለብን እንደዚያ ነው የሚያደርገን» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አውቃለሁ። እነሱ እንዳይጨነቁ ብዬ ዝም አልኩ። ለካ እነሱም ለእኔ ብለው ነው ዝም ያሉት።

በሬው መሸጡን ግን አላውቅም ነበር። «ለግጦሽ አክስቴ ጋ ሄዷል» ነበር የተባልኩት። ደብተሩ ላይ «ባጃጅ» የሚል 31 ቦታ አለ፣ ቆጠርኩት። ከቤት ሆስፒታሉ ሩቅ አይደለም። ከዚህ በኋላ በእግሬ እሄዳለሁ። ደብተሩንም እኔ ልያዘው፤ ሂሳብ 92 ነው ያመጣሁት።

መተው አልተውም። የምትጽፉትን ሁሉ አንብቤያለሁ። ደባርቅ፣ ፀጉርሽ ተመልሶ ሲወጣ እንደድሮው ነው ወይስ ሌላ?


ደባርቅ፣ እሁድ ማታ

የእኔ ጨረር ስለነበር ከአንገቴ በላይ ያለው ብቻ ነው ትንሽ የረገፈው። አብረውኝ የነበሩት የኪሞዎቹ ግን መጀመሪያ ለስላሳ፣ እንደ ሕፃን ፀጉር ነው የወጣላቸው። የአንዷ ተጠቅልሎ ወጣ፤ በጣም አማረባት። ወንድሜ፣ ስላወቅክ ደስ ብሎኛል። ዛሬውኑ ንገራት።


ነጭ ጋውን፣ እሁድ ማታ

ጎበዝ። ሂሳቡን ያዝ፤ ደብተሩ ላይ ግን አንድ ረድፍ ጨምርበት፣ «ሙቀት» በል። ቴርሞሜትር ግዛ፣ ጠዋትና ማታ ለካ። ከ38 ዲግሪ ካለፈ ቀጠሮህን አትጠብቅ፣ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ና። በኪሞ ላይ ያለ ሰው ትኩሳት ቀልድ አይደለም። ለሌላ ቀን በእግርህ ሂድ፣ ጥሩ ነው። የመርፌው ቀን ግን ስትመለስ ባጃጅ ትይዛለህ። እሷን 32ኛ ብለህ ጻፋት።